የሕዝብ መሬት ሲሸጥ ነዋሪው የት ይግባ?

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የተነሳው ከቡና ላይ ወሬ ነው። ሰሞኑን ቡና ተጠርተን ከተሰበሰብንበት አንድ ወጣት ጎረቤታችን ደስ እያለው ወሬ ጀመረ። እህቱ ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ልካለታለች፤ እሱ ደግሞ ናይሮቢ ዳርቻ ላይ «ፕሎት» ሊገዛበት ነው። ደላላው በስልክ «ቦታው ድሮ የመንግሥት ነበር፤ አሁን ቤት ለሚሠራ ድርጅት ተላልፏል፣ ወረቀቱም ንጹሕ ነው» ብሎታል።

ቡናውን የሚያፈሉት እናት ጀበናውን አስቀምጠው ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ የመንግሥት የነበረ መሬት እንዴት የሰው ሆነ? ማን ነው የሸጠው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩም እማማ» አለ ልጁ።

የእማማ ጥያቄ አጭር ናት፤ መልሷ ግን ረጅም ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ይህችን ጥያቄ ሳይጠይቁ ገዝተው የከሰሩ አሉ። መጠየቅ እንኳ ሳይፈቀድላቸው ለዓመታት ከኖሩበት የተነሱም አሉ። እኛም «ስደተኛ ነን፣ መሬት ምናችን ነው?» ብለን ልናልፈው አንችልም። ዘመዶቻችን ለፍተው የሚልኩት ገንዘብ፣ የምንተኛበት መጠለያ፣ ነገ የምንገባበት ከተማ ሁሉ መሬት ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ለዛሬ ነገሩን ከሥሩ እናየዋለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለአደራ እና ባለቤት

የሕዝብ መሬት የምንለው በአንድ ግለሰብ ስም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚገለገልበት ቦታ ነው። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ገበያ፣ ደን፣ መንገድ፣ መቃብር፣ የጤና ጣቢያ ግቢ፣ ማዘጋጃ ቤት ለዝቅተኛ ሠራተኛ የሚያከራያቸው ቤቶች ያረፉበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ የሕዝብ ነው። የማንም ስም ስለሌለበት ግን ብዙ ሰው «ባለቤት የለውም» ብሎ ያስባል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በዚህ ምክንያት የከተማ አስተዳደር መሬትን የሚያስተላልፈው በሊዝ ነው። በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ደግሞ ከሕዝብ መሬት ከፊሉን የካውንቲው መስተዳድር ለነዋሪው በአደራ እንዲይዝ፣ ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን እንዲያስተዳድረው ያዛል። በኡጋንዳ የ1995 ሕገ መንግሥት መሬት የዜጎች ነው ይላል፤ የመንግሥት የሆነውን መሬት የሚይዘው የኡጋንዳ የመሬት ኮሚሽን ነው። የሕጎቹ ቃል ይለያይ እንጂ መልእክታቸው ይቀራረባል። ሹሙ ጠባቂ ነው እንጂ እንዳሻው የሚሸጥ ባለቤት አይደለም።

ታዲያ ጠባቂው ለምን ይሸጣል? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ ያጥራቸዋል፤ ደሞዝ መክፈል፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ መንገድ መጠገን አለባቸው። ከተማው ሲያድግ መሐል ላይ ያለ ሜዳ ወይም የአሮጌ ቤቶች ሰፈር ዋጋው ሰማይ ይነካል። ባለሀብቱ መጥቶ «ይህን ጎስቋላ ሰፈር ዘመናዊ አደርገዋለሁ» ይላል። ነገሩ አንዳንዴ ከልብ ነው፤ ከተማ መቼም ቤት ያስፈልገዋል። አንዳንዴ ግን በመሐል የሹሙ ኪስ አለ። ሜዳ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘቡ በዓመት ያልቃል፤ ሜዳው ግን ለልጅ ልጅ አይመለስም።

ናጉሩ እና ናካዋ፦ ቃል የተገባላቸው ተከራዮች

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ማስተማሪያ የሚሆነን የካምፓላው ታሪክ ነው። ካምፓላ የኖራችሁ የናካዋን አካባቢ ታውቁታላችሁ። እዚያ ናጉሩ እና ናካዋ የሚባሉ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ለዝቅተኛ ሠራተኞች የተሠሩ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ነበሩ። ቤቶቹ ትንንሽና ያረጁ ቢሆኑም ኪራያቸው ርካሽ ነበር። ለሥራና ለገበያ ቅርብ ናቸው። ብዙ ሰው እዚያ ተወልዶ፣ ወልዶ፣ አርጅቷል። ቦታው በአጠቃላይ ወደ 66 ሄክታር ይጠጋል፤ በከተማው ምሥራቅ ለባለሀብት ዓይን የሚያጓጓ ቦታ ነው።

በጥቅምት 2007 የኡጋንዳ የአካባቢ መስተዳድር ሚኒስቴር ኦፔክ ፕራይም ፕሮፐርቲስ ከሚባል የቤት ገንቢ ድርጅት ጋር ውል ተፈራረመ። ዕቅዱ አሮጌዎቹን ቤቶች አፍርሶ በምትኩ ዘመናዊ የሳተላይት ከተማ መሥራት ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ አፓርትመንቶች፣ ሱቆች፣ ትምህርት ቤትና ሌሎችም አገልግሎቶች ይኖሩበታል ተባለ። ለነባሮቹ ተከራዮችም ቃል ተገባላቸው፤ አዲሶቹ ቤቶች ሲያልቁ የመግዛት ቅድሚያ የእናንተ ነው ተባሉ። የተከራዮቹ ቁጥር ከ1,700 ቤተሰብ በላይ ነበር።

በሐምሌ 2011 ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን ተሸክመው ተበተኑ። የቻለ ዘመድ ዘንድ ገባ፤ ሌላው ርቆ ሄዶ ተከራየ። ይህን እዚህ ላለነው ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገንም። ፍራሽ፣ ድስትና ልጅ ይዞ ከደጅ መቆም ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቀጥሎስ? ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጡት በጥቅምት 2013 ነው። ሰዎቹ ከተነሱ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያም ዓመታት አለፉ፤ የተባለው ከተማ ግን አልተሠራም። በ2018 መንግሥት ውሉን አቋረጠ። ውሉ ሲቋረጥ መሬቱ ወደ ተነሱት ሰዎች አልተመለሰም፤ የኡጋንዳ የመሬት ኮሚሽን እጅ ገባ። ኮሚሽኑም ቦታውን ከፋፍሎ ለተለያዩ ባለሀብቶች መደልደል ጀመረ። ድልድሉ ብዙ ጥያቄ ስላስነሳ ፓርላማው በ2021 እና በ2022 ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሞ መረመረ።

እስቲ ቆም ብለን እንቁጠር። ውሉ ከተፈረመ እስኪቋረጥ 11 ዓመት፤ ሰዎቹ ከተነሱ እስኪቋረጥ 7 ዓመት ነው። በነዚህ 7 ዓመታት አንድ ሕፃን አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል። ድርጅቱም፣ ሚኒስቴሩም፣ ኮሚሽኑም እያንዳንዳቸው የሚያሳዩት ወረቀት ነበራቸው። ተከራዩ በእጁ የያዘው ቃል ብቻ ነበር፤ ቃሉን የሰጠው ውል ሲቀደድ ቃሉም አብሮ ወደቀ።

እኛ «አሮጌ ሰፈር አይታደስ» የምንል ሰዎች አይደለንም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ መኖር ክብር አይደለም። የናጉሩ እና የናካዋ ጥፋት ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ተነሳ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ተፈለገ፣ ቤቱ የመጨረሻ ሆነ። መሆን የነበረበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከ66 ሄክታሩ አንዱ ጥግ ላይ መጀመሪያ ለተከራዮቹ ቢሠራና እነሱ ከገቡ በኋላ ሌላው ቢፈርስ ኖሮ፣ ፕሮጀክቱ ቢከሽፍ እንኳ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ሕዝብ ያስመለሰው መሬት

ሁሉም ታሪክ ግን እንዲህ በሽንፈት አያልቅም። ወደ ኬንያ እንምጣ። በናይሮቢ ሰሜን ካሩራ የሚባል ከ1,000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ደን አለ። በ1998 ከዚህ ደን ውስጥ ሰፋፊ ቦታዎች ተቆርሰው የቅንጦት ቤት ለሚሠሩ የግል ድርጅቶች እንደተሰጡ ታወቀ። ሕዝቡ ጠዋት ተነስቶ ግሬደር ዛፍ ሲገነድስ አየ። ሟቿ ዋንጋሪ ማታይ ሴቶችንና ተማሪዎችን አስከትላ ችግኝ ይዛ ወደ ደኑ ሄደች። በጥር 1999 ችግኝ ልትተክል በር ላይ እንደቆመች በዱላ ተደብድባ ደሟ ፈሰሰ። ተማሪዎች ግን ሰልፉን ቀጠሉ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ማደልን አገዱ። ደኑ ተረፈ። ዋንጋሪም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመች።

ከዚያ ወዲህ በ2003 የተቋቋመውና በፖል ንዱንጉ የተመራው ኮሚሽን የአገሪቱን የመሬት ወረቀት ሲፈትሽ፣ ከነጻነት ዋዜማ እስከ 2002 ድረስ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕገ ወጥ የይዞታ ወረቀት እንደተሰጠ በ2004 ሪፖርት አደረገ። ሪፖርቱ ጣቱን የቀሰረው በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ብቻ አልነበረም። የሕዝብን መሬት እንዲጠብቁ የተሾሙት የአካባቢ ምክር ቤቶችና አባሎቻቸው ራሳቸው ዋነኛ ተቀራማች ሆነው እንደተገኙ ጽፏል። በአማርኛችን «አደራ በላ» የምንለው ይህን ነው።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ደግሞ የጥር 2015ቱን ነው። በናይሮቢ የላንጋታ ሮድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ከረፍት ሲመለሱ የሚጫወቱበት ሜዳ በግንብ ታጥሮ አገኙት። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ግንቡን ገፍተው ጣሉት፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው። ሥዕሉ ዓለምን ዞረ፤ ሜዳው ለትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ጭስ ሸሽተው ዓይናቸውን የሚያሹት ሕፃናት «መሬቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከብዙ ባለሥልጣን የተሻለ መልስ ሰጡ።

ገዢውንስ ማን ያድነዋል?

አሁን ወደ ወጣቱ ጎረቤታችን እንመለስ። «እኔ በንጹሕ ገንዘቤ ነው የምገዛው፤ ከኔ በፊት የሆነው ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። ለዚህ መልሱን የሰጠው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ የሆነው ሞምባሳ፣ ኒያሊ ውስጥ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚያስወጣ መንገድ ያለበት ለሕዝብ ክፍት የነበረ ቦታ በ1989 ለፕሬዚዳንት ሞይ ተሰጠ። እሳቸው ለሌላ ሸጡት፤ ያ ደግሞ በ2006 ዲና ማኔጅመንት ለሚባል ድርጅት ሸጠው። ድርጅቱ መዝገብ አስፈትሾ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ወረቀት ተቀብሎ አጠረው። በ2017 የሞምባሳ ካውንቲ መስተዳድር «ይህ የሕዝብ መንገድ ነው» ብሎ አጥሩን አፈረሰ። ድርጅቱም ክስ መሠረተ።

ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሚያዝያ 2023 ውሳኔ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሕግን ሳይከተል ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ አሥር ሰው ቢገዛው አይጸዳም። ገዢው በቅን ልቦና መግዛቱ ብቻ አያድነውም፤ ሕገ መንግሥቱም በሕገ ወጥ መንገድ ለተገኘ ንብረት ጥበቃ አይሰጥም። ይኸው ነው። ከ17 ዓመት በኋላ ገንዘቡም መሬቱም የለም። የእማማ ጥያቄ፣ ማለትም «ማን ነው የሸጠው?»፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጥያቄ ሆና ተገኘች።

ድርጅት ጠበቃ ይቀጥራል፤ ኪሳራውንም ይችል ይሆናል። በሰው ቤት ወለል ተወልውሎ የተጠራቀመ ገንዘብ ግን አንዴ ከጠፋ ማን ይተካዋል?

እኛ ያለንበትስ መሬት?

እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር አለብን። ስለ ሌሎች መነቀል ስናወራ እኛም የቆምነው በሰው መሬት ላይ መሆኑን አንርሳ። ካኩማ በ1992 ሲቋቋም ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የቱርካና አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነበር። በ2015 ደግሞ ለካሎቤየይ ሠፈራ ወደ 1,500 ሄክታር የሚሆን መሬት የተገኘው የካውንቲው መስተዳድር ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ተነጋግሮ ነው፤ ሠፈራው በ2016 ሥራ ጀመረ። ውሃ ቧንቧ ላይ ወይም እንጨት ለቀማ ላይ ከቱርካና ወንድሞቻችን ጋር ስንጋጭ «መሬታችንን ወስዳችሁ ምን ሰጣችሁን?» የሚሉን ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ጥያቄው የናጉሩ ተከራዮች ጥያቄ ዘመድ ነው።

የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 2025 የሺሪካ ዕቅድን ይፋ አድርጓል፤ ዓላማው ካምፖቹን ስደተኛውና ነባሩ ሕዝብ አብረው የሚኖሩባቸው ሠፈሮች ማድረግ ነው። ሠፈር ከተማ እየሆነ ሲሄድ መሬት ዋጋ ያወጣል። መሬት ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ ደላላ፣ ባለሀብትና ፊርማ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ስለ መሬቱ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ነባሩም ስደተኛውም ወንበር እንዲኖረው ከአሁኑ መጠየቅ ይሻላል።

የአገራችንም ነገር አብሮ ይታወሰናል። በ2024 በአዲስ አበባ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስልክ ደውለን «ሰፈራችን አለ?» ብለን የጠየቅን ብዙ ነን። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው «ለልማት ተነሺ» የሚለውን ቃል ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ምን እናድርግ?

ከላይ ካየነው ታሪክ ለኑሯችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እንደሚከተለው ለቅመናል።

አንደኛ፣ ከካምፕ ውጪ መሬት ወይም ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ አይይ። የመጀመሪያው ወረቀት እንዴት ወጣ? ከዚያ በፊት ቦታው ምን ነበር? ሜዳ፣ መንገድ፣ ደን ወይም የመንግሥት ድርጅት ግቢ ከነበረ እግርን መሰብሰብ ነው። አካባቢው ላይ የኖሩ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

ሁለተኛ፣ የመሬት መዝገብ ቤት ፍተሻ ይደረግ፤ ናይሮቢ ላይ ከ2021 ጀምሮ አርዲሳሳ በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ይሠራል። ነገር ግን የዲና ጉዳይ እንዳሳየን ፍተሻው ብቻውን አይበቃም፤ ደላላ ያላመጣው፣ ራሳችሁ የመረጣችሁት ጠበቃ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 መሠረት የውጭ አገር ዜጋ መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ ነው፤ ያውም ከ99 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ። «ለዘላለም ያንተ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እናንተን አያከብርም።

አራተኛ፣ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ፕሮሰሱ አልቆለት የሚሄድ ሰው መጠለያውን ለሌላ «ሲሸጥ» እናያለን። በብሎክ ምስክር ፊት የተጻፈ ወረቀት ስለ ቆርቆሮውና ስለ በሩ ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ መሬቱ ምንም ዋጋ የለውም። በዚህ የተነሳ የተጣሉ ጎረቤታሞችን እናውቃለን።

አምስተኛ፣ የትም ብንሆን «ለጊዜው ተነሱ፣ በኋላ ትመለሳላችሁ» ስንባል ሦስት ነገር እንጠይቅ። ቃሉ በጽሑፍ ይሰጠን፤ የተነሺዎች ስም ዝርዝር ይያዝ፣ ለኛም ግልባጩ ይድረሰን፤ ሥራው ቢቆም ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ ይጻፍ። የናጉሩ እና የናካዋ ሰዎች በጣም የጎደላቸው ይህ ሦስተኛው ነው።

ወጣቱን ከዚያ በኋላ አግኝተነው ነበር። ደላላውን «የመጀመሪያው ወረቀት ይምጣ» ቢለው ለሁለት ቀን ስልክ አላነሳለትም። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቶሎ ካልላክ ያመልጥሃል» አለው። ልጁ ትንሽ ከፍቶታል፤ ገንዘቡ ግን አሁንም እህቱ ስም ላይ ነው። ለእማማ ይህን ስንነግራቸው፣ «ያመለጠውስ መሬቱ ነው፤ እህቱ አላመለጠችውም» አሉን።

ቸር ያሰማን፤ በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።